ረጅሙ ክላክስ

ትዕዛዙ የደረሰን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ዋጃ አካባቢ ከማለዳ ጀምሮ ውጊያ ነበር፤ ቁስለኛ አንስተን ወደ ቆቦ እንድንመልስ ታዘዝን። የነበሩን ሁለት መኪኖች ናቸው፤ አንድ የጭነት መኪናና አንድ ዕድሜ የጠገበ ጂፕ። እኔ የክፍሉ መካኒክ ነበርኩ፤ ሾፌር ሲጠፋ የጭነቱን መኪና እነዳለሁ። ጂፑን የሚይዘው አስር አለቃ ሰይድ የሮቢት ልጅ ነበር፤ ጥቂት ዓመት ይበልጠኛል፣ ቀልድ አያልቅበትም።

ልጆቼ ስለ ጦር ሜዳ ሲጠይቁኝ ስለ ተኩስ እንዳወራላቸው ይፈልጋሉ። እኔ የማውቀው የመኪና መሪን ነገር ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት ሰይድ መጥቶ መሪው እንደላላ ነግሮኝ ነበር። ሩብ ዙር ያህል ቢያዞረው እንኳ ጎማው አይሰማም። «እኔ ልንዳው ወይስ እሱ ይንዳኝ?» ብሎ ሳቀ።

እንዲህ ያለው ነገር የሚመረመረው በሁለት ሰው ነው። ጎማው መሬት ረግጦ ሳለ አንዱ መሪውን ግራ ቀኝ ይነቀንቃል፤ ሌላው ከስር ተኝቶ መሪውን ከጎማዎቹ ጋር የሚያገናኙትን ዘንጎች መጋጠሚያ አንድ በአንድ በእጁ ይጨብጣል። ያረጀው መጋጠሚያ መዳፍ ውስጥ ይንቀጫቀጫል። ጎማው መሬቱን ካልረገጠ ግን የላላው አይታወቅም። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ሆኖም ከትናንት በስቲያ ዘንቦ ሜዳው ገና ጭቃ ነበር፤ የራያ ጥቁር አፈር ደግሞ አንዴ ከያዘ አይለቅም። መተኛቱ አስጠላኝ። ጂፑን በክሪክ አነሳሁና ቁጢጥ ብዬ ዳሰስኩ። ሰይድ ሲነቀንቅ ጎማዎቹ አየር ላይ ስለነበሩ እሺ ብለው አብረው ዞሩ። የተንቀጫቀጨ አላገኘሁም። ጥፋቱን የመሪው ጥርሶች ባሉበት ሳጥን ላይ ጣልኩና የማስተካከያውን ቡሎን አጠበቅሁት። መሪው ከበድ አለ።

ሰይድ አንዴ ደግሜ እንዳየው ለመነኝ። አየሁት እኮ ብዬ ተቆጣሁ።

«አብሽር» አለኝ ትከሻዬን መታ አድርጎ፤ «አንተ ጠብቋል ካልክ ጠብቋል።»

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ዋጃ ደረስን። ተኩሱ ቅርብ ነበር። ሦስት ጽኑ ቁስለኞች ከአንድ የሕክምና ወታደር ጋር በጂፑ ጫንን፤ መራመድ የሚችሉት በእኔ መኪና ወጡ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ተነሳን። ጂፑ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።

አብረን ስንሄድ ደንብ ነበረን። የኋለኛው መኪና ክላክሱን ቆረጥ ቆረጥ አድርጎ ሦስቴ ከነፋ ቁም ማለት ነው። ረጅም ከነፋ ግን ጠላት ደርሶብናል፣ ዞረህ ሳታይ ፍጠን ማለት ነው።

መንገዱን ካጋመስን በኋላ አንድ ኩርባ ላይ የጂፑን የፊት ጎማዎች ከጎን አየኋቸው። ቀኙ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ግራው ብቻውን ይወዛወዛል። ያን ጊዜ ገባኝ። የላላው የግራው መጋጠሚያ ነበር። ሳጥኑን ማጥበቄ ልልነቱን ከሰይድ እጅ ከመደበቅ በቀር የፈየደው ነገር የለም።

ደነገጥኩ። እጄን ክላክሱ ላይ ጣልኩ፤ አላነሳሁትም። ስህተቴ የታወቀኝ ጂፑ ከፊቴ ሲፈተለክ ነው። ወዲያው ቆረጥ ቆረጥ አድርጌ ነፋሁ። መብራት አበራሁ። በመስኮት ወጥቼ ጮህኩ። እንዳልከተለው የእኔ መኪና ከባድ ነው፣ ላዩም ቁስለኛ ነው። ያደረግሁት ሁሉ ማየት ብቻ ሆነ።

አንድ የደረቀ ወንዝ ድልድይ ላይ ሲደርስ መጋጠሚያው ወለቀ። ጂፑ ወደ ግራ ታጠፈ። ወደቀ።

ወርደን ስንደርስ ቁስለኞቹ ሦስቱም አልፈዋል። የሕክምናው ወታደርም። ሰይድ መሪው ደረቱን ተጭኖት ነበር፤ ዓይኑ ግን ያያል። መሪውን ልናነሳለት ሞከርን፣ አልሆነም።

«ስትነፋ ጊዜ ረገጥሁት» አለኝ። «ደረሱብን?»

«አምልጠናል» አልኩት።

«አልሐምዱሊላህ» አለ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

አምስት ሰው። ከአምስቱ ሦስቱን ከጥይት አውጥተን ነበር ያመጣናቸው። ሪፖርቱ «በግዳጅ ላይ የተሰዉ» ብሎ አለፈው፤ ስለ መሪው የጠየቀኝ የለም። ያን ቀን ከኋላችን የተከተለን አንድም ሰው አልነበረም።

ሠራዊቱ ከተበተነ በኋላ ሮቢት ሄጄ የሰይድን እናት አገኘኋቸው። እውነቱን ልነግራቸው ነበር የሄድኩት። ገና ስሜን ስነግራቸው እጄን ይዘው አስቀመጡኝ፤ ልጃቸው በደብዳቤ ስለ እኔ ይጽፍላቸው ኖሯል።

«ብቻውን አልሞተም፣ አንተ አጠገቡ ነበርህ አሉኝ። ዱዓዬ እሱ ነበር» አሉ።

መረቁኝ። አሜን ብዬ ተመለስኩ።