ከጃፓኑ ካርቶን ያልቀመስኩት

የዚያን ሰሞን ሳስታውስ መጀመሪያ የሚመጣብኝ የልጄ ክንድ ነው። በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ ስይዘው ጣቶቼ ይደራረቡ ነበር። ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። ቀበሌው ለቡና ለቀማ ሲያሰልፈን የምተዋት ሰው ስላልነበረኝ ይዣት ቆላ ወረድኩ፤ ከዚያ ወባ ይዟት ተመለሰች። ትኩሳቱ በክኒን ለቀቃት። የምግብ ፍላጎቷ ግን አብሮ ሄዶ ሳይመለስ ቀረ።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ "ከእንግዲህ መድኃኒቷ ምግብ ነው። እንዲህ ሆና ሁለተኛ ቢይዛት አትችለውም" አለኝ። በክፋት አልነበረም የተናገረው። እኔ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ያን ቃል ይዤ እነሳለሁ፣ ያን ቃል ይዤ እተኛለሁ።

ባለቤቴ ሰሜን ዘምቶ ነበር። እኔ ጅማ ውስጥ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ቤት አንሶላ አጥባለሁ፣ ክፍል አጸዳለሁ። ወደ አጋሮና ወደ ሊሙ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች የሚመላለሱ ባለሙያዎች የሚያድሩበት ቤት ነው። ልጄን ብቻዋን መተው ስለምፈራ አዝዬ እወስዳትና ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ሰሌን አንጥፌ አስተኛታለሁ። ውኃ ቀድቼ ስመለስ አያታለሁ፣ አንሶላ አስጥቼ ስመለስ አያታለሁ። ሥራው ከሚያደክመኝ ይልቅ ማየቱ ያደክመኝ ነበር።

ጃፓኑ ያኔ ነው ያያት። አንዱ ማጠቢያ ጣቢያ ሞተር ሊተክል የመጣ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ነው ክፍሉ የሚገባው። ወለሉን የምወለውለው እኔ ነኝና በዚህ ጠባዩ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን የታጠበ ሸሚዙን ሊወስድ ሲመጣ፣ እኔ ዳቦ ሻይ ውስጥ እየነከርኩ ልጄን እለምናለሁ፣ እሷ አፏን ገጥማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። ቆሞ አየን። ሥራው አልቆ ሊሄድ ዕቃውን የሸከፈ ዕለት ግን ጠራኝና አንድ ካርቶን አስታቀፈኝ። ከአገሩ የተላከለት የሚበላና የሚጠጣ ነው። በእጁ ወደ ማጠቢያው ክፍል ጠቆመ፣ ከዚያ እጁን ወደ አፉ አደረገ። ለልጅሽ ማለቱ እንደሆነ ገባኝ።

በዚያ ዘመን ከውጭ ሰው ዕቃ ተቀብሎ ወደ ቤት መሄድ ያስፈራ ነበር። ካርቶኑን እንደታቀፍኩ ወደ ኃላፊያችን ሄድኩ።

"ከመውሰዴ በፊት ይዩልኝ" አልኳቸው።

ክዳኑን ገለጥ አድርገው አንዱን ላስቲክ አነሱ። "ይሄን ባለፈው ሰጥቶኝ ነክሼዋለሁ" አሉ። "ጫማ ነው። ያውም ያረጀ። ውሰጂው።"

"ሰው ቢጠይቀኝስ?"

"ጫማ ነው በያቸዋ።"

ቤታችን ከጅሬን ኮረብታ በታች ነው። ግቢውን የምጋራቸው አንዲት የጅማ ሰው፣ ሙስሊም፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት ነበሩ። እትዬ እላቸዋለሁ። እኔ ውኃ ስቀዳ ልጄን የሚጠብቁልኝ እሳቸው ናቸው። ካርቶኑን መደቡ ላይ ስዘረግፈው አጠገቤ ተቀምጠው እያንዳንዱን አገላብጠው አዩ።

"ይሄ ሁሉ ጽሑፍ ምን ይላል?"

"እኔ አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፣ እትዬ። አሥረኛ ብደርስም ይሄን አላነበውም።"

"በሥዕሉ ገምቺያ፣ ማሎ፣ እባክሽ።"

ሥዕሉም አይረዳም ነበር። አንዱ ማሸጊያ ላይ ልጅ ይስቃል፤ ውስጡ ያለው ነገር ግን ጥቁር ነው።

እናቴ ጠላ ስትቀዳ ለእንግዳው ከመስጠቷ በፊት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምስ ነበር። እኔም እንደዚያው ላደርግ ወሰንኩ። ከእያንዳንዱ ጥቂት መዳፌ ላይ አድርጌ ልጄ ፊት እቀምሳለሁ፣ ሆዴን እስካዳምጥ እቆያለሁ፣ ከዚያ ለእሷ እሰጣለሁ። በቀን አንድ ዓይነት ብቻ። የወባውንም ክኒን ስባሪውን ምላሴ ላይ ሳላደርግ አልሰጠኋትም ነበር።

መጀመሪያ የከፈትኩት ጥቁሩን ነው። በቆርቆሮ ውስጥ የተደረደረ ስስ ወረቀት ነው የሚመስለው፤ የቀበሌያችን ጸሐፊ በሁለት ወረቀት መሐል የሚያስገባውን ካርቦን ቁርጥ። ጣቴን በውኃ አርሼ አሻሸሁት፣ ቀለሙ አይለቅም። ከሥሩ ደግሞ አሸዋ የመሰለ ነገር የያዘች ትንሽ ከረጢት አለች። እትዬ፣ "ጨው ይሆናል፣ ወጥ ውስጥ እንጨምረው" አሉ። ጨው ውድ ነበርና እኔም ዓይኔ ሄዶ ነበር። ግን ጨው ለምን ለብቻው ይታሰራል ብዬ ጓሮ ጉድጓድ ምሼ ቀበርኳት። ዶሮዎቹ እንዳይጭሩት ድንጋይ ጫንኩበት።

ጥቁሩ ነገር አፌ ውስጥ ሲገባ ከላንቃዬ ጋር ተጣበቀ። ጣዕሙ ወንዝ ዳር ያለ ድንጋይ የላሱ ያህል ነው። በጣቴ ፈልቅቄ ዋጥኩት። ልጄ ከመደቡ ሆና ስታየኝ ነበር።

"አልፈልግም" አለች።

"ገና መቼ ሰጠሁሽ?"

"አልፈልግም፣ እማዬ።"

በማግሥቱ ኃላፊያችን ጫማ ያሉት ወጣ። ደርቆ የተተለተለ፣ ጠርዙ ላይ ትንንሽ ክብ ክብ ነገር ያለበት። ሽታው ቤቱን ሞላው። እትዬ አሽትተው፣ "ይሄ የባሕር ነው። የባሕር ከሆነ ለኛ ሐላል ነው" አሉ።

"ለኛ አይደለም" አልኳቸው። ቅርፊት የሌለውን የውኃ እንስሳ አንበላም፤ ከልጅነቴ የሰማሁት ነው። ይሄ ደግሞ ቅርፊት አይደለም አጥንትም የለው።

"እንግዲያው ዛሬ እኔ ልቅመስላት። ቢስሚላሂ።"

ቁራጩን ወደ አፋቸው አስገብተው ማኘክ ጀመሩ። እኔ ልብስ ጣጥፌ ጨረስኩ፣ እሳቸው ያኝካሉ። ወጥተው በጎቻቸውን አስገብተው ተመለሱ፣ ያኝካሉ።

"እንዴት ነው?"

"ወላሂ ማን ማንን እየበላ እንደሆነ እንጃ" አሉ፣ መንጋጋቸውን ይዘው። እኔ ሳቅኩ። ልጄ አልሳቀችም። ዓይኗን ጨፍና ነበር።

ከዚያ ቀጥሎ የቆርቆሮ ጣሳ ነበር። ስንከፍተው ቡና ሆኖ አገኘነው። በጅማ ተቀምጠን፣ ቡና በሚታጠብበትና በሚደርቅበት አገር፣ ወተትና ስኳር ገብቶበት ጣሳ ውስጥ የቀዘቀዘ ቡና። እትዬ መጀመሪያ ተቆጡ። "ጥሩ ጥሩውን ከዚህ ጭነው ወሰዱ፣ እንዲህ አድርገው መለሱልን" አሉ። ከዚያ ግን ማፍሰሱ ነውር ነው ብለው ድስት ላይ አሞቁት፣ እንደ ልማዳቸውም ጨው ጨመሩበት። ስኳሩና ጨዉ አንድ ላይ ሆነው አፍ የሚያጣምም ነገር ወጣው። የቀመስኩትን መዳፌን ቀሚሴ ላይ ጠረግኩ። ለልጅ ቡና አልሰጥም ነበር፤ ግን ትጠይቀኛለች ብዬ ተመኝቼ ነበር። አልጠየቀችም።

ያን ሳምንት ከሥራ ወጥቼ ሱቅ እሰለፋለሁ፣ ተራዬ ሳይደርስ ያልቃል። ማታ ልጄን ለእትዬ ትቼ የቀበሌ ስብሰባ እቀመጣለሁ። ወንበሩ ላይ ዓይኔ ክድን ክድን ሲል የጎረቤት ሴት በክርኗ ትጎስመኛለች። ቤት ስገባ ለልጄ ያስቀመጥኩላት ሳህን እንደተከደነ ነው። ክዳኑን ሳነሳ እጄ ይከብደኝ ጀመር።

አንድ ቀን ብቻ ተስፋ አደረግኩ። አረንጓዴ ጠርሙስ ነበር፣ አንገቱ ወገብ እንዳላት ሴት የቀጠነ። ቆርኪ የለውም፤ አፉን የደፈነው የብርጭቆ ብይ ነው። ጃፓኑ ካርቶኑን ሲሰጠኝ ይቺን ጠርሙስ አውጥቶ፣ ብዩን በአውራ ጣት ወደ ውስጥ መግፋት እንደሆነ አሳይቶኝ ነበር። በማማሰያ እጀታ ስገፋው ጧ ብሎ ወደ ውስጥ ወደቀና አረፋው እጄ ላይ ገነፈለ።

ልጄ ቀና አለች። በራሷ ጉልበት ቀና ስትል ካየሁ ቆይቼ ነበር።

"ብይ አለበት" አለች።

"አዎ፣ ብይ አለበት። ትጠጪያለሽ?"

ስባሪ ቢኖርበትስ ብዬ በነጠላዬ ጫፍ ጣሳ ውስጥ አጥልዬ ጥቂት መዳፌ ላይ አደረግኩ። እንደ ከረሜላ ይጣፍጣል፣ ግን ጋዙ በአፍንጫዬ ወጣና ትን አለኝ። እያሳልኩ፣ እንባዬ እየፈሰሰ ጣሳውን ዘረጋሁላት። እሷ ጣሳውን ትታ እኔን አየችኝ።

"ብዩን ብቻ ስጪኝ።"

"ጠርሙሱ ካልተሰበረ አይወጣም።"

"ስበሪዋ።"

"ይቆርጥሻል፣ እናቴ። መጀመሪያ ጠጪ።"

ተመልሳ ተኛች። ባዶውን ጠርሙስ ለላምባ ማስቀመጫ እንኳ ላደርገው አልቻልኩም፤ ሲዘቀዘቅ ብዩ እየመጣ ይደፍነዋል።

እትዬ ያን ሲያዩ ቆይተው ወደ ጓሮ ጠሩኝ። "ልቆጣሽ አይደለም" አሉ። "ልጅቷ የምታየው ምግቡን አይደለም። ፊትሽን ነው። አንቺ መርዝ የምትጠጪ መስለሽ እየቀመስሽ እሷ እንዴት ትብላ?"

"ታዲያ ሳልቀምስ ልስጣት?"

"አላልኩም። ፊትሽን ፍቺው ነው ያልኩሽ።"

በማግሥቱ ሞከርኩ። ከሩዝ የተሠራ ደረቅ ቂጣ ነበር። እሱን እየቆረጠምኩ ፈገግ አልኩላት። ቂጣው ደህና ነበር፤ ፈገግታው ነው ያልሆነልኝ።

"ለምን ትስቂያለሽ?" አለችኝ ልጄ። ስታየኝ ቆይታ፣ "እማዬ፣ ልሞት ነው?" አለች።

አይደለም አልኳት። ማጀት ገባሁና የታጠበውን ድስት እንደገና አጠብኩት።

ካርቶኑ ውስጥ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ለመጨረሻ ያቆየሁት ስለፈራሁት ነው። ትንሽ የላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ቀይ ፈሳሽ ላይ የተኙ፣ ቆዳቸው የተጨማደደ ክብ ክብ ነገሮች። ፍሬ ይሁኑ የእንስሳ አካል መለየት አቅቶኝ ነበር። በዚያ ቀን ብርድ ልብስ ስናጥብ ውለን ቶሎ ተለቀቅን። ቤት ስገባ ከሰዓት በኋላ ነው። ልጄን ከጀርባዬ አውርጄ መደቡ ላይ አስቀመጥኳት፣ እኔም ከሥሯ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ክዳኑን ከፈትኩ። ሽታው ሆምጣጤ ሆምጣጤ ይላል። አንዷን አውጥቼ መዳፌ ላይ አደረግኩ። ጥቂት ልረፍና እቀምሳለሁ ብዬ ጀርባዬን መደቡ ላይ አስደገፍኩ። ከዚያ በኋላ አላውቅም።

ስነቃ መዳፌ እንደተዘረጋ ነው። ባዶ ነበር፤ ቀይ እርጥበት ብቻ ቀርቶበታል። መጀመሪያ ወለሉን አየሁ። ከዚያ ልጄን አየሁ። አንደኛው ጉንጯ አብጧል። ዓይኗ ተጨፍኖ ፊቷ ሁሉ ተኮማትሯል።

"አፍሽን ክፈቺ" አልኩ። "ትፊው። ቶሎ ትፊው።"

ጭንቅላቷን ነቀነቀች፣ አትተፋም። ጉንጯ ውስጥ ከወዲያ ወዲህ ታዘዋውረዋለች። ምራቋን ስትውጥ ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ልይዛት እጄን ብሰድም ፍሬው ቢያንቃትስ ብዬ መንካቱንም ፈራሁ። መዳፌን አገጯ ሥር እንደዘረጋሁ ቀረሁ። እሷ ግን አልቸኮለችም። ጨርሳ ስታበቃ መዳፌ ላይ ጠብ አደረገችው። የፍሬ አጥንት ነው፣ ከኮክ አጥንት ያነሰ። አንዲት ክር ሥጋ አልቀረበትም፤ ጠርጋ ልሳዋለች።

"ይኮመጥጣል" አለች። "ጨውም ነው። አፌ መራራ ነበር፤ አሁን አይደለም።"

"ሆድሽን አላመመሽም?"

"ዳቦ አለ?"

ወለሉ ላይ እንዳለሁ ዳቦ አምጡልኝ ብዬ እትዬን ተጣራሁ፤ እሳቸው ትኩስ ቂጣቸውን በሰፌድ ይዘው ደረሱ። ልጄ ቁራሹን ወስዳ ከቀዩ ፈሳሽ ነካ እያደረገች ጎረሰች። እትዬ መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ኛዱ፣ ኢንታላ ኮ" ይሏታል፤ ብዪ፣ ልጄ፣ ጉረሺ ማለታቸው ነው። እኔን አላዩኝም። ልጅቷም አላየችኝም። ቂጣዋን ነው የምታየው።

ቁራሹ ሲያልቅ ወደ ላስቲኩ ዕቃ እጇን ሰደደች። እኔ ቀደምኳትና አንዷን አነሳሁ። ልምድ ነው፤ መዳፌ ላይ አድርጌ ወደ አፌ ላስጠጋ ስል አንጓዬን ያዘችኝ። የእጇን አጥንት ሁሉ ቆጠርኩት፤ ግን ይዛኛለች።

"አንቺ አትቅመሺ" አለች። "ያልቃል።"

ሰጠኋት። ካለቀም በኋላ ሌላ የሚገኝበት አገር አልነበረምና፣ ያን ፍሬ እስከ ዛሬ አልቀመስኩትም።