ጋሽ ባለሙያ ያቃጠሉት ቲማቲም

ሰውዬው ሠላሳ አንድ ዓመት በግብርና ቢሮ ሲሠሩ አፈር ነክተው አያውቁም። ሥራቸው ታይፕ መምታት ነበር። ስለ ተምች፣ ስለ ዋግ፣ ስለ አፈር መሸርሸር የተጻፈው ደብዳቤ ሁሉ በጣታቸው ሥር አልፏል፤ እሳቸው ዘንድ የቀረው ግን ቃሉ ብቻ ነው። ጡረታ ወጥተው ቤት በዋሉ በሳምንቱ ባለቤታቸው ተማረሩ።

"አንተ ሰውዬ፣ የድስቴን ክዳን ስንቴ ነው የምትከፍተው? ሂድና ሰው መሃል ዋል!"

ሰው መሃል የተባለው ከአረጋውያን መጦሪያው ጀርባ ያለው የሰፈሩ የአትክልት ማኅበር ሆነ። ቦታው ድሮ ቆሻሻ መጣያ ነበር። ሃያ የሚሆኑ በጎ ፈቃደኞች ስባሪ ብርጭቆውን ለቅመው፣ አፈር ተሸክመው፣ ዐሥራ አራት መደብ አውጥተውበታል፤ የሚደርሰው አትክልት ለመጦሪያው ማድ ቤት ይገባል። ሰብሳቢዋ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ ሁሉም "ሲስተር" ነው የሚላቸው።

"የት ነበር የሚሠሩት?" አሏቸው ሲስተር በመጀመሪያው ቀን።

"ግብርና ቢሮ።"

"ውይ ተመስገን! እኛ እዚህ ባለሙያ አጥተን ስንደናበር!"

ሰውዬው "ታይፒስት" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ይሄኔ አንዱ በርጩማ አቀረበላቸው። ሌላው ደግሞ የጠወለገ ቅጠል ዘርግቶ፣ "ጋሼ፣ ይሄ ምን ነክቶት ነው?" አለ።

"የንጥረ ነገር እጥረት" አሉ። ሺህ ጊዜ የመቱት ሐረግ ነው፤ ከአፋቸው ሲወጣ አማረባቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስማቸው "ጋሽ ባለሙያ" ሆኖ ቀረ። ባለቤታቸው ይህን ሲሰሙ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። "ነገ እነግራቸዋለሁ" አሉ ሰውዬው። ያ ነገ ዓመት አለፈው።

በሁለተኛው ዓመት የሲስተር ቲማቲም ቢጫ መሆን ጀመረ። ሦስት መደብ ሙሉ፣ አበባ ሊያወጣ የደረሰ ቲማቲም ነው። ሲስተር ልጃቸው ወልዳ ሊጠይቁ መንገድ ሊወጡ ነበርና ለጋሽ ባለሙያ አደራ አሉ። እሳቸውም ደረታቸውን ነፍተው፣ "ዩሪያ ነው የራበው፤ ለእኔ ይተዉት" አሉ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከማኅበሩ መጋዘን የዩሪያውን ኬሻ ፈተው በየሥሩ እፍኝ እፍኝ ማዳበሪያ ቆለሉ።

ማክሰኞ ጋሽ ባለሙያ ሲመለሱ ቲማቲሙ እሳት የላሰው መስሏል። መጋዘን ገቡና ኬሻው ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበቡ። "ለአንድ ችግኝ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ከግንዱ አርቆ" ይላል። ሁለቴ አነበቡት። ከዚያ ኬሻውን ጽሑፉ ወደ ግድግዳ እንዲዞር አድርገው ወጡ።

እሑድ ስብሰባ ተጠራ። ከመንገድ የተመለሱት ሲስተር ደረቁን ግንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። አንዱ አባል ተነሣና ጣቱን ወደ አጣቢዋ ቀሰረ። አጣቢዋ የመጦሪያውን አንሶላ የምታጥብ፣ ጠዋትና ማታ መደቡን የምታጠጣ፣ የውሃው ቧንቧ ቁልፍ በእጇ ያለ ሴት ናት።

"የሳሙና እጣቢ ደፍታበት ነው! አንድ ቀን ባልዲ ይዛ ስትገባ አይቻታለሁ።"

"ንጹሕ ውሃ ነው" አለች አጣቢዋ።

ሁሉም ወደ ጋሽ ባለሙያ ዞረ። "እርስዎ ይንገሩን እንጂ፤ ሳሙና እንዲህ ያደርጋል?"

ደረቁን ግንድ አንሥተው አገላበጡት። "ሊሆን ይችላል" አሉ።

አጣቢዋ አየቻቸው። አልተቆጣችም፤ ብቻ አየቻቸው። ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ በቀሚሷ ጠረገችውና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው በወደዱ።

ከዚያ ወዲያ ምግብ አልወርድ አላቸው። ጉንፋን ነው እያሉ ሦስት ሳምንት ከቤት ሳይወጡ ቆዩ። በመጨረሻ ለባለቤታቸው ተናዘዙ። ባለቤታቸው እንደዚያኛው ጊዜ አልሳቁም። ሳህኑን አንሥተው ሄዱና ከማድ ቤቱ በር ተመለሱ።

"እኔ ያገባሁት ታይፒስት ነው" አሉ። "እሱ ሰውዬ እንዲህ አያደርግም ነበር።"

በሚቀጥለው እሑድ ጋሽ ባለሙያ አባላቱ በተሰበሰቡበት መጋዘን ውስጥ ቆመው ሁሉንም ተናገሩ። ታይፕ ራይተሩንም፣ ዩሪያውንም፣ ያዞሩትንም ኬሻ። ዐይናቸውን የሚያሳርፉበት ጠፋቸው። አንዱ፣ "እኔ'ኮ የባለቤቴን ራስ ምታት ሳይቀር ላማክርዎት ነበር!" ብሎ ሳቀ፤ ማንም አላጀበውም።

ሲስተር መነጽራቸውን አወለቁ። "ለእኛስ ነገሩን" አሉ። "ለእሷስ?"

የልብስ ማጠቢያው ክፍል በእንፋሎት ታፍኗል። አጣቢዋ አንሶላ እየጨመቀች ነበር። ጋሽ ባለሙያ በሩ ላይ ቆመው ነገሯት።

"አውቃለሁ" አለች ቀና ሳትል።

"እ?"

"በማግስቱ ላጠጣ ስገባ ነጩን ነገር በየሥሩ ተቆልሎ አየሁት። እኔ ማሳ ላይ ነው ያደግኩት፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"እርስዎ ይናገራሉ ብዬ ስጠብቅ።"

አንገታቸውን ደፉ። ብትሰድባቸው ይሻል ነበር። አጣቢዋ የአንሶላውን አንድ ጫፍ አቀበለቻቸው፤ እሷ ወደ ቀኝ፣ እሳቸው ወደ ግራ ጠመዘዙት። ውሃው ጫማቸው ላይ ፈሰሰ፤ ሳይንቀሳቀሱ ቆሙ።

ቁልፉን መልሰው ቢወስዱላት አልቀበልም አለች። ያ ጣቱን የቀሰረባት ሰው ሁሉም በተሰበሰቡበት ይቅርታ ሲጠይቃት፣ ሲስተርም ራሳቸው ሲሰጧት ነው የተቀበለችው። ሦስቱን መደብ እንደ አዲስ ገለበጡ። የምትመራው አጣቢዋ ናት፤ የሚቆፍሩት ጋሽ ባለሙያ። "ጠልቆ ይቆፈር፣ ጋሼ" ትላቸዋለች፤ ይቆፍራሉ። ትሕትናዋ አልጎደለም፤ ጨዋታ ሲያመጡ ግን አትስቅም።

አንድ ጠዋት ችግኝ ሰጠቻቸውና ተከሉ። ጎንበስ ብላ አየችው፣ ያለ ቃል ነቀለችው፣ አቃንታ መልሳ ተከለችው። ጆሯቸው ጋለ። ሁለተኛውን ችግኝ በእጃቸው ይዘው፣ እጇን እያዩ፣ እስክታሳያቸው ጠበቁ።