ክሩ የላላበት ቀን

በትኬት ቢሯችን የእኔና የእሷ ጠረጴዛ ጎን ለጎን ነበር። ከኋላዋ «እትዬ ውጥር» እንላታለን፤ ፊት ለፊት የሚደፍራት ግን አልነበረም። ዕድሜ ልኳን የሰው ትኬት ስትቆርጥ ኖራ እሷ ራሷ አውሮፕላን ላይ ወጥታ አታውቅም።

ጠረጴዛዋ ላይ ቀለሙ የለቀቀ የዓለም ካርታ ሉል አለ። መሳቢያዋ ውስጥ ደግሞ ቋጠሮ የበዛበት ጥቁር ክር ታስቀምጣለች፤ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ የአንድ ሰዓት በረራ ነው። ደንበኛ «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ሲላት ኮምፒውተሩን ትታ ክሩን ከአንዱ አየር ማረፊያ እስከ ሌላው ሉሉ ላይ ትወጥርና ትቆጥራለች። ከዚያ ሰልፉን፣ ሻንጣ መጠበቁን፣ የመሸጋገሪያውን ቆይታ ትጨምርበታለች። «የሰማዩን ብቻ ነግሬ የሰው እናት በር ላይ አላስጠብቅም» ትላለች። አንዴ ሥራ አስኪያጁ «ደንበኛ እያስደነገጥሽ ነው፣ ትንሽ ቀነስ አድርጊ እንጂ» ቢላት «መሬቷን አንተ አሳጥራትና እኔ እቀንሳለሁ» ብላ ኩም አደረገችው። ደረቅ ነበረች፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ብዙ አልወዳትም ነበር።

አብረዋት የሚኖሩት እናቷ በጠና ታመሙ። ከእሷ ሌላ ያላቸው ልጅ ባሕር ማዶ የሚኖረው ታናሽ ወንድሟ ብቻ ነው። የደወለችለት ከቢሮ ስለነበር ሰማኋት። «የነገ ጠዋቱን ያዝ፣ ቀጥታውን። ዛሬ ነገ አትበል። እማዬ አንተን ነው የምትጠብቀው።»

እሱ ግን እናቴ ትድናለች ብሎ ነበር። ተሽከርካሪ ወንበር ሊገዛላቸው ሱቅ እስኪከፈት ሲጠብቅ የጠዋቱ በረራ አመለጠው። ከሰዓት በኋላ በሌላ አገር ዞሮ በሚመጣው ተሳፈረ። እናትየው «የት ደረሰ?» እያሉ በየደቂቃው ይጠይቃሉ። እሷም አልዋሸቻቸውም። «ገና ነው እማዬ፣ ባሕሩን አልተሻገረም» አለቻቸው። ሳይሻገር አረፉ።

ባዶውን ወንበር እየገፋ ከአየር ማረፊያው ሲወጣ እኔም እዚያ ነበርኩ። አንጀቴን በላኝ።

ከቀብሩ በኋላ አንድ ቀን ቢሮ መጣና እንደ ደንበኛ ፊቷ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ እስቲ ለኪልኝ። በጠዋቱ ብመጣ ኖሮ እደርስላት ነበር? አንቺ አትዋሺም።»

እኔ በልቤ ቆጥሬ ጨርሻለሁ። ይደርስ ነበር። እጃቸውን ይዞ የሚያወራበት ጊዜ ሁሉ ይተርፈው ነበር። እሷም ይህንን ከእኔ በፊት እንደምታውቅ ፊቷ ላይ ያስታውቃል።

ክሩን አወጣች። አንዱን ጫፍ እሱ በሚኖርበት ከተማ ላይ፣ ሌላውን እኛ ባለንበት ላይ በጣቷ ያዘች። መሃሉን ግን አልወጠረችውም። ለቀቅ አድርጋ ባሕሩ ላይ አጋደመችው። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የበዙትን ቋጠሮዎች ቆጠረች። ሰልፉን ጨመረች፣ ሻንጣውን ጨመረች።

«አየህ ወንድሜ፣ አትደርስም ነበር።»

ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ተንሰቀሰቀ፤ ለቅሶው የተገላገለ ሰው ለቅሶ ነበር። እሷ ጀርባውን እያሻሸች ቀና ብላ አየችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለመነችኝ ማለት ነው።

«ልክ ናት» አልኩት። «አይደረስም።»

እሱ ከወጣ በኋላ አንዲት አሮጊት ገቡ። ልጃቸው ከሩቅ አገር ሊመጣ ነው፤ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት ጠየቋት። እጇ ወደ መሳቢያው ሄደና ቆመ።

«እማማ፣ ወደዚያ ይጠይቁ» አለችና የእኔን ጠረጴዛ አሳየቻቸው።