ቁርጡን ያልጠየቅንበት ግድግዳ

እርጥብ ሲሚንቶ ሲሸተኝ፣ የትም ልሁን የት፣ ቡራዩ ያለው የልጅነት ቤታችን ይመጣብኛል። ባለ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ነበር፤ ወፍጮ ቤት ይሠራ የነበረው አባቴ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ የተሰነጠቀውን ምርጊት በጭቃና በጭድ እየደፈነ፣ እኔና ታላቅ እህቴ ብርቄም ውሃ እያቀበልነው፣ እንደ ምንም አሳምረነው እንኖር ነበር።

ብርቄ በታጨችበት ዓመት ግን፣ መስቀል እንዳለፈ፣ አባቴ ቤቱን በሲሚንቶ ለማስለሰን ተነሣ። ሰርጉ ለጥር ተቆርጦ ነበርና አማቾቹ የተሰነጠቀ ግድግዳ እያዩ እንዲበሉ አልፈለገም። የጠራውም ግርማ የሚባለውን የዕድራችንን አባል፣ በሰፈሩ የታወቀውን ግንበኛ ነበር። እናቴ ከማለዳው ጀምራ «ቁርጡን ጠይቀው» እያለች ስትወተውተው እሰማ ነበር። አባቴ ደግሞ ዋጋ መጠየቅ ሰውን በሌብነት መጠርጠር የሚመስለው፣ ገበያ ወጥቶ እንኳ መከራከር የሚያፍር ሰው ነበር። አንገቱን እያሻሸ፣

«ግርማ፣ የእጅህንስ ስንት እናድርገው?» አለ።

«ኧረ ኦቦ ገመቹ! በአንድ ዕድር እየኖርን በዋጋ ልንጨቃጨቅ ነው? መጀመሪያ ሥራዬን ይዩት» አለ ግርማ እየሳቀ። አባቴም አብሮት ሳቀ።

ጥቅምትን ሙሉ ግርማ ጠዋት እየመጣ፣ ምሳውን ከእኛ ጋር እየበላ፣ የአራቱንም ግድግዳ ምርጊት አራግፎ ጣለው። የፊት ለፊቱን ለሰነው፤ እውነት ለመናገር፣ እንደ መስታወት የለሰለሰ ነበር። ኅዳር ሲገባ፣ ሦስቱ ግድግዳ ገና ማገሩ ተገልጦ ቆሞ ሳለ፣ አባቴን ደጅ ጠራውና የእጁን ዋጋ ነገረው። አባቴ ወፍጮ ቤት ዓመቱን ሙሉ ለፍቶ የማያገኘው ገንዘብ ነበር።

«ይህንን እኮ አልተነጋገርንም» አለ አባቴ፣ ድምፁ ወርዶ።

«አዎ፣ አልተነጋገርንም። ካልተስማማዎት ሌላ ሰው ይፈልጉ» አለና ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

ሌላ ሰው ተፈለገ። የመጡት ግንበኞች ሁሉ ማን እንደ ጀመረው ከጠየቁ በኋላ የሌላ ሰው ሥራ ላይ አንገባም እያሉ ይመለሱ ነበር። የዕድሩ ሽማግሌዎች ተቻቻሉ ብለው አለፉት። አባቴ እኔን አስከትሎ መጀመሪያ ቀበሌ፣ ከዚያም ወደ ተላክንበት የንግድ ቢሮ ሄደ፤ እዚያም አንድ ወጣት ሠራተኛ በትሕትና አስቀመጠውና፣

«አባት፣ ውል አላችሁ?» አለው።

«የለንም። ተማምነን ነው።»

«ስንት ተባብላችሁ ነበር?»

«ምንም አላልንም።»

ወጣቱ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ታዲያ ምን ብለን እንጠይቀው?»

የኅዳር ውርጭ በማገሩ መካከል እየገባ፣ እናቴ የሰቀለችውን የማዳበሪያ ከረጢት እያርገበገበ፣ ሁላችንም አንድ ፍራሽ ላይ ተጠጋግተን እንተኛ ነበር። መንገደኛው ቆም ብሎ መኝታችንን እስኪያይ ድረስ ቤታችን ተራቁቶ ሰነበተ። አባቴ ከሥራ ሲመለስ ሰው እንዳያየው በጓሮ መግባት ጀመረ። በመጨረሻ ብርቄ አንድ ቀን ጠዋት ፊቱ ቆመች።

«አባዬ፣ ክፈለው። ሰርጉ ይቅር።»

አባቴ ለሰርጉ ያስቀመጠውን አውጥቶ ከፈለ። ግርማ ታኅሣሥን ሙሉ ሠርቶ ጨረሰው።

በጥር፣ በየሰፈሩ ዳስ ተጥሎ ሙዚቃ ሲጮህ፣ የብርቄ እጮኛ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በሚኒባስ መጥቶ አንዲት ሻንጣዋን ጭኖ ወሰዳት። እናቴ እልል ማለት ጀምራ የሚቀበላት ስታጣ መሀል ላይ አቋረጠችው። አባቴ ሊመርቃት ተነሥቶ ነበር፤ ሳይመርቃት ተመልሶ ተቀመጠ። አማቷ ያለ ሰርግ የመጣች እያለች ለዓመታት ስታነሣባት ኖረች፤ ብርቄ ግን ለአባቴ አንድም ቀን አልነገረችውም። እሱም ከዚያ ወዲህ ዕድር አልሄደም፤ እስከሞተ ድረስ መዋጮውን በእናቴ እጅ ይልክ ነበር።

አሁን ሰበታ ተከራይቼ ነው የምኖረው። ደንበኛ ሥራው ሳይጀመር ዋጋውን የማወቅ መብት እንዳለው አውቃለሁ፤ ያኔ ይህን የነገረን ሰው አልነበረም። ባለፈው ወር ቧንቧ ሊጠግን የመጣውን ሰው ገና ደፍ ላይ አስቁሜ ዋጋውን ጠየቅኩት፣ ወረቀት ላይም ጽፌ ፈርም አልኩት።

«እህቴ፣ አታምኚኝም ማለት ነው?» አለኝ።

«አላምንህም» አልኩት።

ፈረመ። በደንብ ሠራ፤ ከተጻፈው ላይ አንድ ብር አልጨመረም። ውሃ ልስጥህ ስለው በቃኝ ብሎ መሣሪያውን አንሥቶ ወጣ። አባቴ ቢሆን ኖሮ ምሳ ሳያበላ፣ ልጆችህ እንዴት ናቸው ሳይል፣ እስከ በር ሳይሸኝ አይለቀውም ነበር። እኔ ስሙን እንኳ ያወቅኩት ከፊርማው ነው። ወረቀቱን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩና በሩን ቆለፍኩ።