«የታደለች ነው» አልኩ

ይህን ነገር ከሁለት ሰዎች በቀር ማንም ከአፌ አልሰማውም። ለንስሐ አባቴ ብዙ ነግሬያቸዋለሁ። ቫይረሱ በደሜ ውስጥ እንዳለ ያውቃሉ፤ ከባሌ ጋር እንዴት እንደተለያየን ያውቃሉ። ይህችን ግን በየጊዜው ዘልያታለሁ። ኃጢአት መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ስናገረው ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ እኔም አብሬ ስለምሰማው ነው።

ያኔ ሰበታ፣ በአከራዬ በአዴ ጫልቱ ግቢ እኖር ነበር። ሥራዬ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር። ከጎኔ ያለውን ክፍል የተከራየችው ታደለች የምትባል የሆሳዕና ልጅ ነበረች፤ እሷም እዚያው ፋብሪካ ትሠራለች። ጴንጤ ናት፤ በቤተ ክርስቲያኗ ትዘምራለች። ከእኔ በጣም ስለምታንስ «እትዬ ሙሉ» ትለኝ ነበር። ስታመም ልብሴን አጥባልኛለች። እጮኛ ነበራት፤ ለሠርጓ እየተዘጋጀች ነበር።

መድኃኒቴን የምወስደው አዲስ አበባ ሄጄ ነው፤ የሰበታ ሰው እንዳያየኝ። አንድ ቀን ነርሷ ጥናት ላይ ትሳተፊ እንደሆነ ብላ ጠየቀችኝ። ፕሮባዮቲክ የሚባል እንክብል ነው።

«እርጎ ውስጥ እንዳለው ያለ ጥሩ ባክቴሪያ ነው» አለችኝ። «እንደ አንቺ ላሉ ሴቶች ጤና ይጠቅም እንደሆነ ለማየት ነው። ዋናውን መድኃኒትሽን አይተካም፤ እሱን እንዳታቋርጪ። ይሄን ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው፤ ሙቀት ያበላሸዋል።»

ሆዴ ዘወትር ያስቸግረኝ ስለነበር እሺ አልኩ። ፍሪጅ የለኝም ለማለት አፈርኩ።

ፍሪጅ ያላቸው አዴ ጫልቱ ነበሩ። እኛንም አይከለክሉንም፤ ታደለች ወተቷን፣ እኔ የተረፈኝን ወጥ እናስቀምጥበታለን። የእንክብሉ ጠርሙስ ላይ ስሜ የለም፤ የጥናቱ ምልክትና ቁጥር ብቻ ነው ያለበት። ከኋላ በኩል ደበቅ አድርጌ አስቀመጥኩት። አንድ ቀን ታደለች ሳወጣው አየችኝና «የሆድ ነው» አልኳት። ሌላ አልጠየቀችም።

አንድ እሑድ አዴ ጫልቱ ወደ ሳሎናቸው ጠሩኝ። ነርስነት የምትማረው ልጃቸው ከቡራዩ መጥታ ነበር። ጠርሙሱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«ልምምድ በወጣሁበት ቦታ ይሄን ሲሰጡ አይቻለሁ» አለች ልጅቷ። «ቫይረሱ ላለባቸው ሴቶች ነው።»

አዴ ጫልቱ ወደ እኔ ዞሩ። «ሙሉ፣ ያንቺ ነው?»

«የታደለች ነው» አልኩ።

አልተንተባተብኩም። ማን አስገደደኝ? ማንም። «አላውቅም» ማለት አልችልም ነበር? እችል ነበር። ግቢው ውስጥ ያለነው ሴት ተከራዮች እሷና እኔ ብቻ ስለነበርን፣ አላውቅም ብል ጥርጣሬውን ለሁለት እንካፈለው ነበር። እኔ ግን ግማሹንም አልፈለግሁም። ሁሉንም ለእሷ ሰጠኋት።

ታደለች ከጸሎት ስትመለስ ጠርሙሱን አሳዩአት። አዴ ጫልቱ ክፉ ሴት አልነበሩም። የልጅ ልጆቻቸው እዚያ ግቢ ያድጋሉ፤ በሽታው በዕቃ የሚተላለፍ ይመስላቸው ነበር።

«የኔ አይደለም፣ አዴ» አለች።

«ታዲያ የማን ነው?»

ታደለች ዞር ብላ አየችኝ። በሩ ጋ ቆሜያለሁ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አልተናገርኩም። እሷም «የኔ አይደለም» ብላ ብቻ ደገመች።

ክፍሉን ልቀቂ ተባለች። ወሬው ፋብሪካ ደረሰ፤ ምሳ አብረዋት የሚበሉ ልጆች ሸሿት። ተመርምራ ነጻ መሆኗ ታወቀ፤ የእጮኛዋ ቤተሰቦች ግን «እሳት በሌለበት ጭስ አይታይም» ብለው በእምቢታቸው ጸኑ። ሠርጉ ቀረ። ዕቃዋን ባጃጅ ላይ ስትጭን ፍራሿን በአንድ በኩል ይዤ ያገዝኳት እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔው። «እግዚአብሔር ይከተልሽ» አልኳት ደግሞ።

ከዚያ በኋላ እንክብሉን አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩት። ነርሷ «ፍሪጅ ውስጥ ነው አይደል?» ስትለኝ «አዎ» እላለሁ። ጠቅሞኝ እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ጥናታቸውንም አበላሽቼባቸዋለሁ።

ዓመታት አለፉ፤ እኔም ቡራዩ ገባሁ። አምና የሥራ ባልደረባዬ እናቷ ሞተውባት ሱሉልታ ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ የምታዞረው ሴት ታደለች ነበረች። ሌላ ሰው አግብታ፣ ልጅ ወልዳ እዚያው ሰፈር ትኖራለች። ስትወጣ ተከተልኳትና አጥሩ ጥግ አስቁሜ ነገርኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ከፍሪጅ ስታወጪው አይቼሽ የለ?»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«መጀመሪያ፣ ብናገር የት ትገባለች ብዬ። በኋላ ደግሞ ራሷ ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁሽ። ሠርጌ እስኪፈርስ ጠበቅሁሽ፣ እትዬ ሙሉ።»

«ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ለእኔ የማውቀውን ነው የነገርሽኝ» አለች። «ሂጂና ለማያውቁት ንገሪ።» ትሪዋን ይዛ ተመልሳ ገባች።

ሰበታ ሄድኩ። አዴ ጫልቱ አርጅተዋል፤ እንደ ድሮው «አከም ጅርታ» ብለው ስመው ተቀበሉኝ። ከመቀመጤ በፊት ተናገርኩ፤ ከተቀመጥኩ እንደማልናገር አውቄዋለሁ። ጠርሙሱ የእኔ እንደነበር፣ ቫይረሱ ያለብኝ እኔ እንደሆንኩ፣ ታደለች ምንም እንደሌለባት ነገርኳቸው።

«ያኔ ብትነግሪኝ የማስወጣው አንቺን ነበር» አሉ።

«አውቃለሁ፣ አዴ። ለዚያ ነው የዋሸሁት።»

«እኔ እሺ፣ ስለ በሽታው አላውቅም ነበር። አንቺ ግን ሰው ምን እንደሚያደርጋት ታውቂ ነበር።»

ፈርቼ ነው ማለት እችላለሁ፤ እውነትም ፈርቼ ነበር። ግን የፈራ ሰው ሁሉ ሌላውን ገፍቶ ይጥላል እንዴ? ታደለችስ ቤት አልባ መሆንን አትፈራም ነበር?

አዴ ጫልቱ የታደለችን ሰፈር ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። በዚያው ሳምንት ልጃቸው ይዛቸው ሱሉልታ ሄዱ። ታደለች ምሳ አብልታ፣ ልጇን አሳይታ፣ ይቅር ብላቸው ሸኘቻቸው። ይህን በስልክ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ስለ እኔ ምን እንዳለች ጠየቅኋቸው።

«ስለ አንቺ አላወራንም» አሉኝ።

ሁለተኛ ሄጄ አላስቸገርኳትም። ይቅርታዋ የእሷ ነው፤ መስጠትም መከልከልም ትችላለች። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልልም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም።