በመርፌ ቁልፍ የተያዘ ኮት

እስቲ ያን ግድግዳ ተመልከቱት። የጎረቤቴ የልብስ ሰፊዋ ሳሎን ነው፤ ሳሎን ከተባለ። ከስፌት መኪናው በላይ ሦስት ፎቶዎች በዕድሜ ቅደም ተከተል ተሰቅለዋል፤ የባሏ አያት፣ የባሏ አባት፣ ባሏ። ሦስቱም የወታደር ልብስ ለብሰዋል። አያትየው ሸምግለው አልጋቸው ላይ ሞቱ። ሁለቱ ከሄዱበት አልተመለሱም፤ የት እንደተቀበሩ የነገረን የለም። አማቷ፣ የባሏ እናት፣ ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደራችሁ» ይሏቸዋል። ሱሪ ሊለካ የመጣ ደንበኛ እንኳ ሳያስበው ፊቱን ከእነሱ ያዞራል።

ሰፈሩ ቤቱን «ካምፑ» ይለዋል። ልጇን ገና ድክ ድክ ሲል «አስር አለቃ» እያልን የጠራነውም እኛው ነን። እኔም ጠርቼዋለሁ፣ ምላሴን ይቁረጠው። ቀልድ ነው ትላለህ፤ ልጁ ግን እውነት ብሎ ይዞት ያድጋል። አስራ ዘጠኝ ሲሞላው ሄዶ ለውትድርና ተመዘገበ። ያስገደደው አልነበረም። የዘር ነገር ነው እያለ በየሱቁ ደጃፍ ሲኩራራ ሰነበተ።

ከመሄዱ በፊት የቅድመ አያቱን ፎቶ አስባዝቶ በኪሱ ሊይዝ ፈለገ። እናቱ ሰኞ ዕለት አወረደችው። እዚያ ቤት በሙሽርነት ከገባች ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ነክታው አታውቅም፤ የሚወለውሉት አማቷ ብቻ ነበሩ። ከፍሬሙ ስታወጣው በወፍራም ካርቶን ጠርዝ ተሸፍኖ የኖረው ጎን ብቅ አለ። ከብብቱ ሥር ኮቱ ወደ ኋላ ተሰብስቦ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ሌላ ሰው ቢሆን አያስተውለውም። እሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ትከሻ ስትለካ የኖረች ናት፤ ኮቱ ለሌላ፣ በጣም ለሚገዝፍ ሰው የተሰፋ መሆኑን ወዲያው አወቀች።

የፎቶ ቤቱ ማኅተም ከጀርባው ስለነበረ ፎቶውን ይዛ ሄደች። ባለቤቱ ሽማግሌ አላንገራገሩም። አሮጌ አልበም አውጥተው ሌሎች አምስት ወንዶች አሳዩዋት። ያው ኮት፣ ያው መርፌ ቁልፍ። ኮቱ የፎቶ ቤቱ ነበር፤ ወታደር መምሰል ያማረው ሁሉ እያጠለቀ ይነሳበት ነበር። «ጠመንጃውም የእንጨት ነው፣ የኔ እመቤት» ብለው ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

ስትመለስ አማቷን ምስር ሲለቅሙ አገኘቻቸው።

«እማማ፣ እኚህ ሰውዬ ወታደር ነበሩ?»

አማቷ ቀና አላሉም። «ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ።»

«ያውቁ ነበር?»

«በተሞሸርኩ ሳምንት ራሳቸው ነገሩኝ፤ እየሳቁ።»

ታዲያ ለምን ዝም አሉ ብላ ብትጠይቃቸው ትሪውን አስቀመጡ። «ባሌ ባባቱ ፎቶ ተኩራርቶ ሲሄድ ላሳፍረው አልፈለግሁም፤ ይመለሳል ብዬ። ሳይመለስ ሲቀርብኝ ለልጄ ምን ልበለው? አባትህ በውሸት ኮት ሞተ ልበለው? እሱም ሄደ። አሁን ሁለት ሙታን አፌን ይዘውኛል፣ ልጄ። አንቺም ተይው።»

ልጇ የሚፈርመው ረቡዕ ነበር። የተመዘገበ ሰው ሐሳቡን መለወጥ ይችላል፤ የፈረመ አይችልም። እሷም ይህን ታውቃለች። ማክሰኞ ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ አማቷ ቀሚሷን ያዙ፤ ነገ አለች። ረቡዕ ጠዋት ልጁ እየዘፈነ ሲላጭ ሰማችና ሳትነግረው ሸኘችው። እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። ሁለት ሰው የበላ ዝምታ ሦስተኛውን እየለካ እሷ «ደስታውን እንዴት ልስበርበት» ትላለች!

ዓርብ ዕለት የታደለውን የደንብ ልብስ ይዞላት መጣ፤ ሱሪው ሰፍቶትም ረዝሞትም ነበርና እንድታስተካክልለት። ተንበርክካ በሳሙና ቁራጭ ቁርጭምጭሚቱ ጋ ምልክት እያደረገች ሳለች ነገረችው። ፎቶውን ሰጠችው፤ መርፌ ቁልፉንም በጣቷ አሳየችው። ልጁ ትኩር ብሎ አየው። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ፣ «አባቴ የሞተው ግን የእውነት ነው፣ አይደል እማዬ?» አላት።

የእውነት ነው አለችው። ሌላ ምን ትበል?

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሰኞ።»

ልጁ ሱሪውን ከነሳሙናው ምልክት አወለቀና አጣጠፈው። አልጮኸባትም። ቢጮህባት ኖሮ ይሻላት ነበር ትለኛለች። «ረቡዕ እኮ ነው የፈረምኩት» ብቻ አለ። በማግስቱ ሱሪውን በቀበቶ ጠፍሮ ወጣ። አማቷ በሩ ላይ ቆመው ጮክ ብለው «ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ!» አሉት፤ ሃምሳ ዓመት ያፈኑትን። ልጁን የጫነው መኪና ግን ተነስቶ ነበር።

ይኸው ሰባት ወር ሆነው። አንድ ቀን እንኳ አልደወለም። ልብስ ሰፊዋ ዛሬም ትሰፋለች፤ መብላት አለ። ነገር ግን የስፌት መኪናዋ ዝም ባለች ቁጥር ከኋላዋ ሰው ተቀምጦ ሲተነፍስ ይሰማታል፤ ስለዚህ ጨርቅ ሳይኖርም ፔዳሉን ትረግጣለች። የማን ትንፋሽ እንደሆነ እኔ አልጠየቅኋትም፤ ፈራሁ።

እናንተ ግን እባካችሁ አትፍሩ። ስለ አባቶቻችሁ የምታውቁት፣ ልጆቻችሁ ግን የማያውቁት ነገር ካለ፣ ነገ አትበሉ። ሙት ይቀየመኛል ብላችሁም አትስጉ፤ ሙት ምን ይሆናል? ልጁን ዛሬ አስቀምጡትና ንገሩት፤ ሳይፈርም።