ቅቤ የበላው ምንሽር

ልጅ እያለሁ፣ በቆቦ ፀጉሯን ቅቤ የማትቀባ ሴት እናቴ ብቻ ትመስለኝ ነበር። አባቴን በድንበር ጠብ የገደለው አረጋ የሚባል ሰው በቅርባችን ሮቢት ላይ በሰላም እያረሰ፣ እሷ ቅቤ ላትቀባ ምላለች። መሐላው የሚፈታው ወንድሜ ደሳለ አድጎ፣ የአባቱን ስም እየጠራ በአረጋ ላይ ደሙን ሲመልስ ነው። የደርግ ሰዎች የሰፈሩን መሣሪያ ሲለቅሙ የአባቴን ምንሽር ከማሽላ አገዳ ክምር ሥር ደበቅነው። ከዝገት መጠበቁ ለእኔ ተሰጠ።

እንዴት እንደሚጠበቅ ያስተማረኝ የለም። እናቴ ያልተቀባችውን ለጋ ቅቤ በየቅዳሜው ከአፈሙዝ እስከ ሰደፍ እለቀልቀዋለሁ፤ ጣቴ እርጎ እርጎ ይሸታል። ውዳሴ ማርያሜን እየደገምኩ እቀባና ስጨርስ የአረጋን ስም ጠርቼ እረግማለሁ። እመቤቴ ሁለቱንም የምትሰማኝ ይመስለኝ ነበር።

ደሳለ ጢም ባበቀለ ዓመት እናቴ «ይበቃል፤ አውጪው» አለች። ቅቤ በቅቤ ላይ ስደርብ ከሥሩ ያለውን አላየሁም ነበር። ስንጠርገው ብረቱ ኩፍኝ እንደያዘው ልጅ ቀልቷል፤ ማቀባበያው ንቅንቅ አይልም። በወጣትነታቸው ጠመንጃ ይጠግኑ የነበሩትን፣ ምስጢራችንን የሚያውቁትን ጎረቤታችንን ሼህ ይመርን ጠራናቸው። አሸተቱትና ሳቁ።

«ያ አላህ! ምንሽር ነው ሙሽራ?»

እናቴ አልሳቀችም። «ይድናል?»

«ቅቤ እኮ ውሃ አለው፣ የደሳለ እናት። ላምባ ውስጥ ይሰንብት፤ ከዚያ በደቃቅ አመድ ይፈተግ። ፀሐይ ላይ ሲደርቅ የበግ ሞራ አቅልጣችሁ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት።» ምንሽሩን መልሰው አጋደሙና «ለአላህ ብትተዪውስ?» አሏት።

«አረጋን ለእግዜር ትቼዋለሁ። ብረቱን ነው ለልጄ የምፈልገው።»

ሦስት ሳምንት ፈተግሁ። የጣቴ ቆዳ ተላጠ። ማቀባበያው ቀጭ ብሎ የተከፈተ ዕለት እናቴ መዳፌን ሳመችው። ግን እኔ ስፈትግ፣ የደርግ ሰዎች አረጋን ከጎብዬ ገበያ አፍሰው ለጦርነት ወስደውት ኖሯል። «ይመለሳል» ብላ አስጠበቀችን። ምንሽሩን ሞራ እየቀባሁ ክረምቱን አሳለፍኩ። በመስቀል ሰሞን የአረጋ መርዶ መጣ።

እናቴ ደረቷን ደቃች። «ማን ፈቅዶለት ነው የሚሞተው!» እያለች አለቀሰች፤ ለገዛ ወንድሟ ሞት እንኳ እንደዚያ አላለቀሰችም። ደሳለ ግን ያን ቀን ጠግቦ በላ፣ እንደ ሕፃን ተኛ። ጠላሁት።

ያኔ በቀላችንን የቀማን የእኔ ቅቤ ነው ብዬ ለብቻዬ አለቅስ ነበር። ዛሬ ከአገሬ ርቄ፣ ደሳለ ስልክ ሲደውል የልጅ ልጆቹ ከኋላው ሲንጫጩ እሰማለሁ። ተመስገን እላለሁ፤ ከልቤ ነው። የንስሐ አባቴም ለአረጋ ነፍስ ጸልዪ ብለውኛል፤ እጸልያለሁ፣ አንድም ቀን አላጎደልኩም። የአባቴን ስም ሳይሰማ መሞቱ ግን፣ አሜን ካልኩም በኋላ፣ ያንገበግበኛል።